በርካሽ የገዛሁት ትልቅ አፈሙዝ

ቶሮንቶ ውስጥ ባለትዳር ሰው የጠመንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ማመልከቻው ላይ ሚስቱ የምትፈርምበት ቦታ አለ። አልፈርምም ብትል መንግሥት ራሱ ያሳውቃታል፤ ስጋት ካላት እንድትናገር ይጠይቃታል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሚስት ያለችው ሰው መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

ባለቤቴ ፎርሙን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት ወረቀት ስታነብ ስለምትውል ሳታነብ የምትፈርመው ነገር የለም።

«ምን ልትገድል ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ሙስ።»

«ሙዝ?»

«ሙስ! ቀንዳሙን አውሬ። ፈረስ የሚያክለውን።»

«ሙዝ ቢሆን ይሻልህ ነበር» አለች። «እሱ እታች ሱቅ አለ።»

ነገሩ የጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። እኔ ፍሌሚንግደን ፓርክ ያሉ የኪራይ ሕንፃዎችን ቦይለር የምጠግን ቴክኒሻን ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፤ ከምሥራቅ ጠረፍ ደሴት የመጣ፣ በየመኸሩ ጫካ የሚገባ አዳኝ። አንድ ቀን የሙስ ሥጋ ጠብሶ አመጣና አካፈለኝ። ከበላሁ በኋላ ደነገጥሁ። በሃይማኖታችን የተፈቀደ ይሁን ያልተፈቀደ አላረጋገጥሁም ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱን ጠየቅኳቸው።

«ያመሰኳል?» አሉኝ።

«ያመሰኳል አባ።»

«ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ አዩት። «መልኩ አያምርም እንጂ ንጹሕ ነው» ብለው መለሱልኝ። እኔም ያን ዕለት አዳኝ ለመሆን ቆረጥሁ።

ትምህርቱን የወሰድኩት ኤግሊንተን ዌስት ላይ፣ የባቡሩ ቁፋሮ መንገዱን ከበላው በኋላ፣ ከአንድ የጃማይካ ዳቦ ቤት ፎቅ ባለች አዳራሽ ውስጥ ነው። መኪና ማቆሚያ ስፈልግ ያጠፋሁት ጊዜ ከትምህርቱ አይተናነስም። አስተማሪዋ በጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ነጭ ፀጉር፣ የሹራብ ኮት፣ የአያት ድምፅ። እኚህ ሴት አራት ሕግ እስኪሰለቸን አስተማሩን። ማንኛውንም ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው። አፈሙዙ የት እንደሚያይ ሁልጊዜ ዕወቅ። ጣትህን ከቃታው አርቅ። ባዶ መሆኑን ከፍተህ በዓይንህ እይ። እኔ በልጅነቴ የማውቃቸው ጠመንጃ ያዦች ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ጠመንጃውን ሰው እንዲያይላቸው ነው የሚይዙት። ፈተናውን አለፍኩ። መምህርቷ ወረቀቴን ሲሰጡኝ «ጣትህ ጎበዝ ነው፤ አፍህ ግን ብዙ ያወራል፤ ጫካ ውስጥ ዝም በል» አሉኝ።

ባለቤቴም ፈረመች፤ በቅድመ ሁኔታ። ጠመንጃው በቁልፍ ሳጥን ይቆለፋል፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን ይቆለፋል፣ የጥይቱ ሳጥን ቁልፍ እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ሕጉ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይላል። ሦስተኛው የእሷ ማሻሻያ ነው።

ፈቃዱ ሲመጣ ያገለገለ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሾትገን ገዛሁ። መሃሉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ጥይቱን ታጎርሰዋለህ፣ ትዘጋዋለህ፣ አለቀ። የቧንቧ ሠራተኛው አገላብጦ አየውና «ጥሩ ነው፤ ለአጋዘን በቅርብ ርቀት ይሠራል። ሙስ ራቅ ብሎ ሲቆም ግን ትልቅ ካሊበር ያለው፣ ከባድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ያስፈልግሃል» አለኝ። የዚያን ዓይነቱን ጠመንጃ ዋጋ ሱቅ ገብቼ አየሁ። ወደ ቤቴ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው፤ መኪናዬን ሱቁ በር ላይ መርሳቴ ትዝ ያለኝ ዶን ሚልስ ስደርስ ነበር።

ቴክሳስ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ጋ ኮል አደረግሁ። እዚያ ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ ለሥራ ሌላ፣ ለበዓል ሌላ አለው።

«አዲስ ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል? አፐር ቀይር!» አለኝ።

አፐር የሚለው የጠመንጃውን ላይኛ ክፍል፣ አፈሙዙ የተተከለበትን ነው። እሱ ባለበት አገር የወታደር መሣሪያ በሚመስሉት በእነዚያ ጥቋቁር ጠመንጃዎች ላይ ታችኛው ክፍል እንደ ሱሪ ባለበት ይቆያል፤ ላይኛው እንደ ሸሚዝ ይቀየራል። ዛሬ ቀጭን፣ ነገ ወፍራም።

«ርካሽ የሆነ ትልቅ ካሊበር አፐር አይቻለሁ» አለ። «በሻንጣ ልላክልህ?»

«እዚህ እነዚያ ጠመንጃዎች ታግደዋል» አልኩት። «ሻንጣውን ጉምሩክ ይከፍትና ዳኛ የእስር ቤት በር ይዘጋብኛል።»

«ታዲያ ካናዳ አገር ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እሱ ቢዘጋውም ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። አፐር። የእኔም ሾትገን እኮ ይፈታል! አንዲት ብሎን ስትነሳ አፈሙዙ ከታችኛው ክፍል ይላቀቃል። በእኔው ዓይነት ጠመንጃ ላይ የሚገጠም፣ ትልቅ የአደን ጥይት የሚጎርስ አፈሙዝ የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ከሁሉም ርካሹን መረጥሁ። ለምን ርካሽ እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

የጠየቅሁት ሻለቃን ነው።

ሻለቃ ዕድሜያቸው ሰባዎቹን ያጋመሰ፣ በሰማንያዎቹ ዓመታት በስደት የመጡ ሰው ናቸው። ከረባታቸው ቀጥ ያለ፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ፣ በየሰርጉና በየክርስትናው ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ። በየትኛው ጦር፣ በየትኛው ግንባር እንደነበሩ የጠየቃቸው ሰው አላውቅም። ድምፃቸውን ለሰማ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። የጠመንጃ ነገር ከተነሳ ደግሞ ምንሽሩን፣ ዲሞትፈሩን፣ ክላሹን ከነመልኩና ከነክብደቱ እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

«አንተ ብቻህን ሄደህ ቆርቆሮ ያሸክሙሃል» አሉኝ። «እኔ ካላየሁት እንዳትገዛ።»

ሻጩ ከከተማው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነበር የሚኖረው። ጋራዡ ውስጥ በነጠላ ጫማ ቆሞ ጠበቀን። መጀመሪያ የፈቃድ ካርዴን ተቀብሎ ፊትና ጀርባውን አየ፤ ቀጥሎ አፈሙዙን ከብርድ ልብስ ውስጥ አወጣ። ሥራዬ ቧንቧ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ያን ያህል ወፍራም ብረት ሳይ ምራቄን ዋጥሁ።

«ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተኮስኩበት» አለ ሰውዬው።

«ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ትከሻዬን አመመኝ።»

ይህን ለሻለቃ ስተረጉምላቸው ፊታቸው በራ። «ትከሻ ካሳመመ ኃይል አለው ማለት ነው» አሉ። ከዚያ አፈሙዙን ተቀብለው ወደ ሰማይ አነሱትና በአንድ ዓይናቸው አዩበት። ዝቅ አደረጉት። ሸክላ እንደሚገዛ ሰው በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ድምፁ ንጹሕ ነው» አሉ። «ይሄ ዝሆን ይጥላል።»

«የምፈልገው ሙስ ነው ሻለቃ።»

«ዝሆን የጣለ ሙስ ያቅተዋል?»

የጠመንጃዬን ታችኛ ክፍል ይዤ ሄጄ ነበር። ባዶ መሆኑን እንደ ተማርኩት ከፍቼ አረጋገጥሁና አፈሙዙን ገጠምሁ። አልዘጋ አለ። በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ስመታው ቀጭ አለ።

«ቀጭ ካለ አለቀ» አሉ ሻለቃ። ሰውዬውም በአማርኛ የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ከፍዬ ወጣሁ። ያወጣሁት ገንዘብ የአዲስ ጠመንጃ ዋጋ አንድ አምስተኛ አይሞላም ነበር፤ የሀይዌዩን መንገድ ሁሉ ስንመለስ ሁለታችንም እንደ ዘራፊ ስንስቅ መጣን።

የሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ሁሉ ሰምቶ ጠበቀኝ። ሻለቃ ምን ብለው እንዳወሩ አላውቅም፤ ሰዎች ግን እጄን ሲጨብጡኝ ከወትሮው ጠበቅ ያደርጉ ነበር። ገና አንድ ጥይት ሳልተኩስ ሥጋው ተከፋፈለ። አንዱ ታፋውን ያዘ፣ አንዷ ለዱለት ጨጓራና ጉበቱን አስመዘገበች፣ አንድ የጀርባ ሕመምተኛ ደግሞ መቅኔው ፍቱን መድኃኒት ነው ስለተባለ አጥንቱን ለመነኝ። ከመዘምራኑ አንዱ ቀንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኮት መስቀያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡም ድጋፍ አገኘ።

ባለቤቴ በመኪና ስንመለስ «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያረጋግጡ ወሬ» አለች።

«ምን አልኩ እኔ?»

«ምንም አላልክም። ግን ደረትህ እንዴት ነው የተነፋው? ቀበቶው እኮ አልደርስ አለህ።»

የቧንቧ ሠራተኛው ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሊወስደኝ ተቀጣጠርን። አፈሙዙን ግን ገና አላየውም ነበር፤ ላስደንቀው ስለፈለግሁ ደብቄው ነበር። በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ይመስለኛል፣ አንዱ ሕንፃ ምድር ቤት ቦይለሩ ላይ የእንፋሎት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተበላሸ። ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ከዕቃ ቤት አንድ ሌላ ቫልቭ ይዞ መጣ። ርካሽ ነው፤ የተሠራውም ለዝቅተኛ ግፊት ነው።

«ጥርሱ አንድ ነው፤ ሞክረው፤ ይገጥማል» አለኝ።

«ይገጥማል፤ ግፊቱን ግን አይችልም» አልኩት። «መግጠም ሌላ፣ መቻል ሌላ። ይሄን አስሬ አስነሳው ብትለኝ እዚህ ክፍል ውስጥ አብረኸኝ ትቆማለህ?»

«ኖ፣ ኖ» አለ ወደ ኋላ እያለ።

«ማን ለካው? በመዶሻ ቀጭ ስላለ ብቻ...»

እዚያ ላይ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ቦይለሩን አየ። ሊፈነዳ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። እኔ ግን ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ለሰው ሁሉ የምሰብከውን ነገር፣ ከፊቴ አንድ ስንዝር በማይርቅ ብረት ላይ ረስቼው ነበር።

የቅዳሜውን ልምምድ ሰረዝኩና የቧንቧ ሠራተኛውን፣ ጠመንጃ ጠጋኝ ያውቅ እንደሆነ፣ ጠየቅሁት። አድራሻ ሰጠኝ። ሻለቃ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ጠመንጃ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ? እኔ ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!»

«እርስዎ ይምጡና ይቆጣጠሩልኝ» አልኳቸው። ክብራቸው ተጠበቀላቸውና መጡ።

ጠጋኙ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሽማግሌ ነው። የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ባለች የእንጨት ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሏ ዘይትና የተላገ እንጨት ትሸታለች። ጠመንጃውን ገና ሳይነካ «ባዶ ነው?» አለ። አዎ ስለው አላመነኝም፤ ራሱ ከፍቶ አየ። ወደድኩት። ከዚያ ታችኛው ክፍል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በማጉያ አነበበና አንድ ያረጀ መጽሐፍ ገለጠ።

«ይሄ ታችኛው ክፍል ለሾትገን አፈሙዝ ብቻ የተሠራ ነው» አለ። «የሾትገን ጥይት ግፊት ትንሽ ነው። አንተ የገጠምክበት ጥይት ግፊት ብዙ እጥፍ ነው። ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ ብረታቸው ግን አንድ አይደለም። ፋብሪካው ራሱ እኮ ጠመንጃውን ላኩልኝ፣ ለክቼ ልግጠምላችሁ ነበር የሚለው።»

ቀጥሎ ከመሳቢያ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አወጣ። ጥይት የሚመስሉ መለኪያዎች ናቸው። አንደኛው ሲገባ ጠመንጃው መዘጋት አለበት፤ ሁለተኛው ሲገባ ፈጽሞ መዘጋት የለበትም። የመጀመሪያው ገባ፤ ተዘጋ። ሁለተኛው፣ ያ ክልክሉ፣ ሳይጠራ ሰርግ እንደሚገባ ሰው ዘው ብሎ ገባ፤ ጠመንጃውም ተዘጋ። ሽማግሌው አንዴ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው። አሁንም ተዘጋ።

«የጥይት መጉረሻውም ተበልቷል» አለ። «ሁለት ጊዜ ብቻ አልተተኮሰበትም። ይሄንን ብትተኩሰው ምናልባት መጀመሪያ ምንም ላይሆን ይችላል። ምናልባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀለሁ ተቀዶ እሳቱም ብረቱም ወደዚህ ይመጣል።» ጣቱን ወደ ፊቴ ቀሰረ። ግንባሬን ሊነካኝ ምንም አልቀረው። «ይሄን ማን ነው የመረመረልህ?»

ሳላስበው ወደ ሻለቃ ዞርሁ። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የዓሣ ሥዕል ያያሉ።

«በምን እንደለካው ጠይቀው» አለኝ ሽማግሌው።

«በምን ለኩት ይላል» አልኳቸው።

«በጆሮ» አሉ ሻለቃ፣ ዝግ ብለው።

«በልምድ» ብዬ ተረጎምኩለት።

ስንመለስ መንገድ ዳር ካለ የቡና መሸጫ ሁለት ቡና ገዝቼ ማቆሚያው ላይ ቆምን። ሻለቃ የኩባያውን ክዳን ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግሞ ከፈቱት።

«ግምጃ ቤት ነበርኩ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ጦር ሠራዊት ውስጥ። ግምጃ ቤት። ጠመንጃ ስረከብ፣ ስቆጥር፣ ቅባት ስቀባ፣ ሳስረክብ ነው የኖርኩት። በእጄ ያላለፈ የጠመንጃ ዓይነት የለም። ተኩሼ የማውቀው ሥልጠና ላይ ብቻ ነው። እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ።»

«ማዕረግዎስ?»

«አስር አለቃ።»

ቡናው ትን አለኝ። እሳቸው ግን አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። እዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ተጠርተው ነበር። መድረክ መሪው ማን እንደነገረው እንጃ፣ «አሁን ሻለቃ ይመርቁልናል» ብሎ ወደ እሳቸው አመለከተ።

«ከኋላዬ ሌላ ሻለቃ የተቀመጠ መስሎኝ ዞር አልኩ። ግድግዳ ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ሙሽሮቹ ቆመዋል። ተነሥቼ መረቅሁ። ምርቃቱ ደግሞ አማረልኝ! ሲጨርሱ ፊት ወንበር ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልውረድ? ማዕረግ መውጫ እንጂ መውረጃ ደረጃ የለውም እኮ ልጄ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገሩኝ?»

«ያ ሰውዬ ጣቱን ወደ ፊትህ ሲቀስር...» አሉና አቆሙ። «ባለቤትህን ምን እላት ነበር? ድምፁ ንጹሕ ነበር እላት ነበር?»

ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን የእኔስ ነገር? መለኪያ የማውቅ፣ ግፊት የማውቅ፣ በዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሻለቃን ይዤ የሄድኩት እንዲመረምሩልኝ አልነበረም፤ «ርካሽም ነው፣ ጥሩም ነው» የሚል ሰው ፈልጌ ነበር። እሳቸው እምቢ ቢሉኝ ሌላ ሻለቃ እፈልግ ነበር። ይህን ነገርኳቸው። ትንሽ ቀለል አላቸው። ቡናቸውንም ጠጡ።

ሻጩ ጋ ስደውል «ስትወስደው ገጥሞ ነበር» ብሎ ዘጋብኝ። ጥፋተኛው አፈሙዙ ይሁን ሻጩ ወይስ እኔ፣ ለክርክር ጊዜ አልሰጠኝም። በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው «የምትሸጥ ከሆነ እወስደዋለሁ፤ በርካሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ይህን ሰውዬ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ ትናንት የነበርኩት እኔው ራሴ ነው። አልመለስኩለትም። አፈሙዙን ጠጋኙ ጋ ወስጄ ሦስት ቦታ አስቆረጥሁት። ለመቁረጫው አስከፈለኝ። ሾትገኔን ግን ከነራሱ አፈሙዝ በመለኪያው አይቶ «ይሄ ደህና ነው፤ የተሠራበትን ሥራ ብቻ ስጠው» አለኝ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሻለቃን ማዕረግ ብቻ ትቼ። እሷም ተነሥታ የጥይት ሳጥኑን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣችና ወደ ሌላ ቦርሳ አዛወረችው። የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስፈልግ ጠይቄ ነው የምቀበለው።

መኸር ሲደርስ ከቧንቧ ሠራተኛውና ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ወደ ሰሜን ወጣሁ። የሙስ ማደኛ ፈቃዱ የወጣው ለእሱ ነው። እኔ ሾትገኔን ይዤ፣ በሕጉ መሠረት ብርቱካናማ ሰደርያና ብርቱካናማ ኮፍያ ለብሼ ረግረግ ዳር ጉቶ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። ፎቶ ብልክላቸው ሻለቃ «አዳኝ ነህ ወይስ መንገድ ጠራጊ?» ብለው መለሱልኝ። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሙሱ ወጣ። ከእኔ በጣም ሩቅ ነበር። ጣቴ ከቃታው ውጭ፣ አፌም እንደ ተመከርኩት ዝግ። የቧንቧ ሠራተኛው ከወዲያ በኩል አንዴ ተኮሰ፤ ሙሱ ጥቂት ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ያን ጊዜ ነው የሮጥኩት። ቢላዬን መዝዤ፣ ውኃውን እየረገጥኩ ደረስኩና ጠመንጃዬን ከፍቼ አስቀምጬ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ አንገቱን ባረክሁት። የቧንቧ ሠራተኛው ሲደርስ ምን እንደማደርግ አልገባውም፤ ግን ኮፍያውን አወለቀ። ወንድሞቹም አወለቁ። እንዲህ ተከብሮ የሞተ ሙስ በዚያ ጫካ ያለ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ሥጋ ተሸከምን። ለሦስት ሳምንት ወገቤ አልቀና አለ። ስለ ድርሻዬ ግን ማንም አልተከራከረኝም፤ የኋላውን ግማሽ ከነጨጓራውና ከነጉበቱ አሸከሙኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሴቶቹ ጥብሱንና ዱለቱን ሠርተው አቀረቡ። ከመዘምራኑ አንዱ ሳህኑን እንደያዘ «ለአዳኛችን!» ብሎ ጮኸ። ሰው አጨበጨበ። አንዱ ፉከራ ጀመረ። «ከሩቅ፣ በአንድ ጥይት፣ በዚያ ዝሆን በሚጥል አፈሙዝ!» እያለ። ከኋላዬ ሌላ አዳኝ ያለ መስሎኝ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። ሻለቃ ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው በቀጥታ ያዩኛል።

ተነሣሁ።

«እኔ አልገደልኩም» አልኩ። «የገደለው ጓደኛዬ ነው። እኔ አርጄ ነው የተሸከምኩት። ያ አፈሙዝም የማይሆን ነበር፤ አስቆርጬዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ትሕትናው!» አለች አንዷ። «የእውነት ገዳይ አያወራም!» አለ ሌላው። ፎካሪውም ይህንኑ ግጥሙ ውስጥ አስገባው።

ይኼኔ ሻለቃ ወንበራቸውን ገፍተው ቆሙ። ድምፃቸውን ጠረጉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «አፈሙዙን ደህና ነው ብዬ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። እኔ ግምጃ ቤት ጠባቂ እንጂ ተኳሽ አልነበርኩም። ሻለቃም አይደለሁም፤ አስር አለቃ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳቅ ለመግለጽ ይከብደኛል። ሰዎች ጠረጴዛ መቱ። አንዱ ዓይኑን በሶፍት ጠረገ። ቄሱ እንኳ «ሻለቃ ዛሬ ጨዋታ አማራቸው» ብለው በፈገግታ አዩአቸው። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም። ሻለቃን ትክ ብላ አየቻቸው፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ ዱለቱን ጨምራ በሳህን አቀረበችላቸው።

ሻለቃ ተቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሞከርን እኮ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር አንድ የማኅበራችን አባል ደወለልኝ። ፈቃድ ማውጣቱን፣ እንደ እኔው ዓይነት ጠመንጃ መግዛቱን ነገረኝ። ርካሽ የሆነ ትልቅ ካሊበር አፈሙዝም አግኝቷል። የጠጋኙን አድራሻ ሰጠሁት፤ ሁለቱ ብረቶች ምን እንደሚለኩ ረዘም አድርጌ አስረዳሁት፤ ታችኛው ክፍል ለዚያ ግፊት ካልተሠራ ደህና አፈሙዝም ቢሆን እንደማይገጠምበት ነገርኩት።

«እሺ እሺ» አለኝ። «ግን ያ ሁሉ መንገድ ምን አስፈለገ? ሻለቃ ካዩልኝ አይበቃም?»

ወዲያው ለሻለቃ ደውዬ አስጠነቀቅኳቸው።

«ጠጋኙ ጋ ካልሄደ ስልኩን አላነሳለትም» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ምናልባት አብሬው ብሄድ ይሻላል። ያን መጽሐፍ ሽማግሌው እንዴት እንደሚያነበው አይቼዋለሁ» አሉ።